አንድ ዓመት በመተማ ቆላ

ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ አይከልን እስኪያልፍ ድረስ ደገኛ መንገድ ነው። ማለዳ ላይ ጋቢ ያስፈልጋል፤ በየአጥሩ ጥግ ባሕር ዛፍ ይታያል፤ ግራና ቀኙ የእህል ማሳ ነው። አይከልን አልፎ መሬቱ ማዘቅዘቅ ሲጀምር ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። መጀመሪያ የመኪናው መስኮት ይከፈታል። ቀጥሎ ሹራብ ይወልቃል። ባሕር ዛፉ ቀርቶ ሽመል፣ ግራርና የዕጣን ዛፍ ይተካሉ። የመተማዋ ገንዳ ውኃ ከተማ ሲደረስ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ራሱ ትኩስ ነው። ጠዋት ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የነበረ ሰው ከሰዓት በኋላ 700 ሜትር ገደማ ላይ ቆሟል።

በሰኔና በሐምሌ፣ ከዚያም ለአጨዳው በመስከረም መግቢያ፣ በዚህ መንገድ የሚወርደው ሰው አብዛኛው ወጣት ነው። ከእብናት፣ ከበለሳ፣ ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከደባርቅ፣ ከወሎና ከጎጃም ይመጣል። አንዱ በአውቶቡስ፣ ሌላው በአይሱዙ ጭነት ላይ ተፈናጦ። ዕቃው ቀላል ነው፦ አንድ ፌስታል ልብስ፣ አንድ ጋቢ፣ ማጭድ፣ ስልክ፣ እናቱ የቋጠረችለት በሶ። ከሁመራና ከአብደራፊ እስከ መተማና ቋራ በሚዘረጋው የሰሜን ምዕራብ ቆላ ለእርሻ ሥራ በየዓመቱ የሚወርደው ሰው በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ከነዚህ መካከል ቆላን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ብዙ ነው። ይህ ዘገባ ስለ እሱ ነው። ስም አልሰጠውም፤ የአንዱ ዓመት ከሌላው ዓመት ብዙም ስለማይለይ «ልጁ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ልጁ ድንበር አልተሻገረም። ፓስፖርት አልተጠየቀም፣ ቋንቋው አልተለወጠም፣ በኪሱ ያለው ብር እዚህም ይሠራል። ስለዚህ ማንም እንደ እንግዳ አይቆጥረውም። እኔ ግን ይህን አካባቢ ባየሁ ቁጥር የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። የደጋ ልጅ ወደ ቆላ ሲወርድ አየሩ፣ በሽታው፣ አፈሩ፣ የሥራው ሰዓት፣ የአተኛኘቱ ደንብ ሳይቀር ሌላ ነው። ውጭ አገር የሄደ ሰው የሚገጥመው ለውጥ ሁሉ ይገጥመዋል፤ ውጭ አገር ለሄደ ሰው የሚደረገው ዝግጅት ግን አንዱም አይደረግለትም።

ነገሩን ለማየት ሩቅ ያለ ምሳሌ ላንሳ። በ1983 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኮንግረስና የጀርመን ምክር ቤት፣ ቡንደስታግ፣ አንድ የወጣቶች ልውውጥ አቋቋሙ። የመጀመሪያዎቹ ጀርመናውያን ሰፋሪዎች ወደ ፔንሲልቬንያ የሄዱበትን 300ኛ ዓመት ለማሰብ የተጀመረ ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑ አሜሪካውያን ተማሪዎች አንድ ዓመት ጀርመን ይኖራሉ፤ የሚያድሩት በሚቀበላቸው ቤተሰብ ቤት ነው። ከ18 እስከ 24 ያሉት ደግሞ መጀመሪያ የቋንቋ ትምህርት ይወስዳሉ፣ ቀጥሎ ይማራሉ፣ በመጨረሻ መሥሪያ ቤት ገብተው ሥራ ይለማመዳሉ። ከመነሳታቸው በፊት ገለጻ ይሰጣቸዋል፤ የጤና መድን ይገባላቸዋል፤ ቢከፋቸው ወይም ቢታመሙ የሚደውሉለት ሰው ይመደብላቸዋል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ልጆች የሚሄዱት ሰላም ወዳለበት፣ ሐኪም ወደማይቸግርበት አገር ነው። እንዲያም ሆኖ የ18 ዓመት ልጅ አዲስ ቦታ ብቻውን ተጥሎ አይለምድም ተብሎ ነው ይህ ሁሉ የሚደረግለት። ገንዳ ውኃ አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ በዚያው ዕድሜ የሚወርደውን ልጅ የሚጠብቀው ደላላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ደላላው ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ ጊዜ እሱም በአንድ ወቅት እንደ ልጁ በጭነት መኪና የመጣ ነው። ሥራው ግን ሰው ቆጥሮ ለባለ እርሻው ማስረከብ ነው። ዋጋ ይነጋገራል፤ በሄክታር ወይም በቀን። ከዚያ አሥራ አምስት ሃያ ሰው ትራክተር በሚጎትተው ተሳቢ ላይ ተጭኖ ወደ እርሻው ይሄዳል፤ አንዳንዴ ከዋናው መንገድ ብዙ ሰዓት ያስኬዳል። ካምፕ የሚባለው የሳር ጎጆ ወይም የቆርቆሮ ዳስ ነው። ውኃ በበርሜል ይመጣል፤ ካልሆነ ከወንዝ ይቀዳል።

በዚህ ሰዓት የልጁ ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ጥሩ ነው። ሰው ሙቀትን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልብ በኃይል ይመታል፤ ላብ ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣም ብዙ ጨው ይዞ ይወጣል። ከሳምንት በኋላ ላቡ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፤ መጠኑ ይበዛል፤ ጨው ግን ያንሳል። ደሙ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይጨምርና ልብ ይረጋጋል። በዚህ ምክንያት በሌላ አገር ያሉ የሥራ ደኅንነት መመሪያዎች በሙቀት ውስጥ የሚገባ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን የሥራውን አንድ አምስተኛ ብቻ ሠርቶ፣ በየቀኑ በዚያው ልክ እየተጨመረለት እንዲሄድ ይመክራሉ። መተማ ላይ የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ክፍያው በተሠራው ልክ ስለሆነ፣ ልጁም ጉልበቱን ማሳየት ስለሚፈልግ፣ አብዝቶ የሚሠራው በመጀመሪያው ቀን ነው። ቀትር ላይ ራሱን ይዞ ይቀመጣል። ያስመልሰዋል። ጓደኞቹ «ቆላው መታው» ይላሉ።

ከዚህ የሚያድነው በአብዛኛው አንድ ሰው ነው፦ ሳሉግ። ሳሉግ የሚባሉት ለአንድ ወቅት መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ቆላውን የለመዱ፣ ከእርሻ እርሻ እየተዘዋወሩ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ቤት የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ደጋ የተዉት ቤተሰብ ይኖራቸዋል። ብዙ ሰው ስለ ሳሉግ ሲያወራ ስለ ጠጪነታቸውና ስለ ጠበኝነታቸው ነው የሚያወራው። በኔ እይታ ግን በዚያ ቆላ ለአዲስ ሰው የሚጠቅም እውቀት ከእነሱ በላይ የያዘ የለም። በየካምፑ ማታ ማታ የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል፦

«አንተ ልጅ፣ ውኃ ሲጠማህ አይደለም የምትጠጣው። ሳይጠማህ ነው።»

«እሺ፣ አያ።»

«ጫማህን ሳታራግፍ እንዳታጠልቅ። ጊንጥ ይገባበታል። እንጨት ስታነሳ በእግርህ ገልብጠህ እየው፤ እጅህን አታስገባ።»

«እሺ።»

«በቀትር ከፀሐይ ጋር አትፎካከር። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስ፤ አራት ሰዓት ላይ ጥላ ያዝ፤ አሥር ሰዓት ላይ ተመለስ። ገንዘቡ አይሮጥብህም።»

ይህ ምክር በየትኛውም ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ተገቢ ነበር። የሚተላለፈው ግን ከአንድ ሰው ወደ አንድ ሰው፣ ያውም ልጁ ዕድለኛ ሆኖ እንዲህ ያለ ሰው ከጎኑ ከተኛ ነው።

የሰሊጥ ሩጫ

ልጁን ወደዚህ ያመጣው ሰሊጥ ነው። ጥጥና ማሽላም አሉ፤ ለአዲስ ሰው ግን ቆላ ማለት ሰሊጥ ማለት ነው። ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ የኢትዮጵያ ዋና የወጪ ንግድ ሰብል ሆኖ ቆይቷል። ገበያው ዓይነቱን በመጣበት አገር ለይቶ ይጠራዋል፦ የሁመራ ሰሊጥና የጎንደር ሰሊጥ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የመተማ ሰሊጥ በመጋዘን ተመዝኖ፣ ደረጃ ወጥቶለት ይሸጣል። ከዚያ ወደ ቻይናና ወደ እስራኤል ይጓዛል። ቴል አቪቭ ውስጥ አንድ ሰው ቂጣውን በጣሂና ሲያጠቅስ፣ ያ ሰሊጥ መተማ ላይ በአንድ የእብናት ልጅ እጅ የታጨደ ሊሆን ይችላል።

ዘሩ የሚዘራው ዝናቡ ሲይዝ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው። ሰሊጥ ውኃ የሚተኛበትን መሬት አይወድም፤ የመተማ ጥቁር ዋልካ ደግሞ ውኃ ያቁራል፤ ስለዚህ የዝናቡ አወራረድ ዓመቱን ይወስናል። ከዚያ አረም ይመጣል። ነሐሴን ሙሉ ልጁ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይውላል። ዋልካ ሲረጥብ እግር ይይዛል፤ ጫማ ይነቅላል። ብዙዎች ባዶ እግራቸውን ይሠራሉ።

ሩጫው ያለው ግን በመስከረምና በጥቅምት ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ዘሩን የያዘው ቅርፊት ከላይ በኩል በራሱ ይከፈታል። ትንሽ ከዘገየ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፤ የረገፈ ሰሊጥ አይለቀምም። ተክሉ ቢጫ ሆኖ ቅጠሉን ሲያራግፍ፣ ቅርፊቱ ሳይከፈት፣ ታጭዶ ማለቅ አለበት። ለአንድ ማሳ ያለው ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። በዚያች አጭር ጊዜ በብዙ ሺህ ሄክታር ላይ ያለ ሰሊጥ በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ሁሉም ደግሞ በእጅ ነው የሚታጨደው። ከደጋ ይህን ያህል ሰው የሚያስወርደው ይኸው ነው። የአጨዳ ዋጋ በሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ባለ እርሻዎች አንዱ የሌላውን ሠራተኛ በሌሊት በገንዘብ አባብለው ይወስዳሉ። ልጁ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበቱ ተፈልጎ ሲለመን ያያል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደጋ ላይ መሬት አጥቶ፣ ከአባቱ ማሳ ላይ ከወንድሞቹ ጋር የሚጋፋ ልጅ፣ እዚህ ሰዎች ስልክ ደውለው የሚፈልጉት ሰው ሆኗል።

የታጨደው ሰሊጥ በነዶ ታስሮ፣ ጫፉ ወደ ሰማይ ተደርጎ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል። ሁለት ሳምንት ያህል ፀሐይ ያገኘዋል። ቅርፊቱ ይከፈታል፤ ዘሩ ግን አፉ ወደ ላይ ስለሆነ አይወድቅም። ከዚያ ሸራ ይዘረጋል። ነዶው በጥንቃቄ ተነስቶ፣ ሸራው ላይ ተገልብጦ ይመታል። ያን ጊዜ የሰሊጡ ድምፅ እንደ ቀጭን ዝናብ ነው። ነዶውን አንስቶ ሳያንጠባጥብ እስከ ሸራው ማድረስ ልምድ ይፈልጋል፤ አዲስ ሰው ይህን ሥራ በመጀመሪያው ዓመት እምብዛም አይሰጠውም።

ገንዘቡስ? ጥሩ ዓመት ከሆነ ልጁ በሁለት ወር ውስጥ ደጋ ላይ በዓመት የማያየውን ብር ይይዛል። ችግሩ አያያዙ ነው። አንዳንድ ባለ እርሻ ሒሳቡን በመጨረሻ ልክፈል ይላል፤ እስከዚያው የምግቡ፣ የሲጋራው፣ የመድኃኒቱ ዋጋ እየተቆረጠ ይቆያል። ጥሬ ገንዘብ ይዞ ወደ ከተማ የወጣ ልጅ ደግሞ ጠጅ ቤት፣ አልቤርጎ፣ ቁማርና ሌባ ይጠብቁታል። ይህንንም ቢሆን ሳሉጎቹ ያውቁታል፤ «ብርህን ገንዳ ውኃ ሳትደርስ ለእናትህ በስልክ ላክ» ይላሉ፤ የሚሰማ ይሰማል።

ሌሊት ከዛፍ ሥር

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ከሁሉም በላይ እንዲታወቅ የምፈልገው ይህን ነው።

ቀን ሙቀቱ ጎጆውን ስለሚያሞቀው ሌሊት ውስጥ መተኛት አይቻልም። ልጁ ጋቢውን ይዞ ይወጣና ከግራር ወይም ከበደኖ ዛፍ ሥር ይተኛል። ነፋስ አለ፤ ኮከብ አለ፤ ደክሞታል። ቦታው ግን አደገኛ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጅ የሚያስገባ ነው። በዚያ ስንጥቅ ውስጥና በእነዚህ ዛፎች አካባቢ የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። መጠኗ የወባ ትንኝ ሲሶ ያህል ናት። ስትበር ድምፅ የላትም። በተራ አጎበር ቀዳዳ የምታልፍበት ጊዜ አለ። የምትነክሰው ሌሊት ነው፤ ስትነክስም ካላዛር የተባለውን በሽታ የሚያመጣ ጥገኛ ተሕዋስ ታስተላልፋለች።

የመተማና የሁመራ ቆላ በኢትዮጵያ ዋነኛው የካላዛር ቀጠና ነው። በሽታው ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኔን ያጠቃል። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፤ ሰውነት ይከሳል፤ ሆድ በግራ በኩል ያብጣል፤ ደም ያንሳል። ሕክምና ካላገኘ ከመቶ ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። እዚያው ተወልደው ያደጉ ሰዎች ብዙዎቹ ተሕዋሱ ገብቶባቸው ሳይታመሙ ይቀራሉ፤ ከደጋ የመጣው ልጅ ግን ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም። በቆላው በካላዛር ታመው ሆስፒታል ከሚገቡት ብዙዎቹ ወጣት ወንዶች፣ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ኤችአይቪ ከተጨመረበት ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ መድኃኒቱ አልሠራ ይላል፤ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ከቤቱ የራቀ፣ ኪሱ ገንዘብ ያለው፣ ብቸኛ ወጣት ለሁለቱም ስለሚጋለጥ ሁለቱ በሽታዎች በዚህ ቆላ አብረው ይገኛሉ።

መድኃኒት አለ። በየቀኑ ለ17 ቀናት የሚሰጥ የሁለት መድኃኒቶች መርፌ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለ፤ መተማ ሆስፒታልም ያክማል፤ በአብደራፊ ጤና ጣቢያ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ሲያክሙ ኖረዋል። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ ምርመራም አለ። የጎደለው ልጁ ከዛፍ ሥር ከመተኛቱ በፊት የሚነግረው ሰው ነው። ከዛፍና ከስንጥቅ መሬት ራቅ ብሎ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አንገረብ ላይ፣ ቀዳዳው ደቃቅ በሆነና በመድኃኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ መተኛት አደጋውን ይቀንሳል። አንገረብ በገመድ የተጠለፈ አልጋ ነው፤ ከሱዳን የመጣ ነው፤ በመተማ በየቤቱ አለ። ቆለኛው አልጋውን ከመሬት ከፍ ያደረገው በከንቱ አይደለም። በየእርሻው ለሠራተኛ አንገረብና አጎበር ማቅረብ ለአንድ ባለ እርሻ ስንት ነው? ከሚያመርተው ሰሊጥ አንጻር ትንሽ ነው። ግዴታ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ወባም አለች። እሷ የምትበረታው ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ በአጨዳው ሩጫ መካከል። ትኩሳት ያለበት ልጅ «ወባ ነው» ተብሎ ኪኒን ይውጣል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ስለዚህ ካላዛሩ በወባ ስም ተሸፍኖ ሊያልፍ ይችላል።

የእንግዶች ከተማ

ጥቅምት ካለፈ በኋላ ልጁ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወጣበት ቀን ይመጣል። ከተማው የአገሩ ጫፍ ነው፤ ድልድዩን ሲሻገሩ ገላባት፣ ሱዳን። እዚህ ልጁ ጠዋት ፉል ይበላል፤ ዝንጅብል የገባበት ቡና ይጠጣል፤ ከርከዴ በበረዶ ይገዛል። በአማርኛ ተጀምሮ በዓረብኛ የሚያልቅ ድርድር ይሰማል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ጉሙዙ፣ አማራው፣ ቅማንቱ፣ ትግሬው፣ ሱዳናዊው በአንድ ገበያ ይገናኛል።

መተማን ከጥንት ጀምሮ የሠሩት ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎች ናቸው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ገበያዋን የያዙት ተክሩሮች ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ፣ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ለሐጅ ወደ መካ ሲጓዙ በዚህ ያለፉ ሰዎች ዘሮች ነበሩ። በ1858 ዓ.ም. ኅዳር ሆርሙዝድ ራሳምና ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ የእንግሊዝን መንግሥት ደብዳቤ ይዘው ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሄዱ በመተማ በኩል ነው የገቡት። ብላንክ በኋላ በቴዎድሮስ እጅ ስለ መታሰሩ በጻፈው መጽሐፍ መተማንና ተክሩሮችን ይገልጻል፤ የተክሩሮቹ ሼክ በአንድ በኩል ለቴዎድሮስ፣ በሌላ በኩል ለግብፆች ግብር እየከፈለ እንዴት እንደሚኖር ይናገራል። ከዚያ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጡ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር በተደረገው ጦርነት ቆሰሉ፤ በማግስቱም ሞቱ። ከተማዋ ስማቸውን የያዘችው ከዚህ የተነሳ ነው። በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ዊልያም ስሊም የሚመራው የሕንድ ብርጌድ ገላባትን ከጣልያን ለመንጠቅ ተዋግቷል። በ1995 ዓ.ም. መንግሥት ከተራቆቱት የአማራ ወረዳዎች ብዙ ቤተሰቦችን ወደ መተማ፣ ቋራና ጠገዴ አሰፈረ። እነሱም ከደጋ የወረዱ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ዓመት ወባና ሙቀት ያስከፈላቸውን ዋጋ ዛሬም ያነሱታል። ዛሬ አንዳንዶቹ ትልቅ ገበሬ ናቸው፤ የዘንድሮውን ልጅ የሚቀጥሩትም እነሱ ናቸው።

ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲነሳ ደግሞ መተማ ከካርቱም ለሚሸሹ ዋና በር ሆነች። ሱዳናውያን፣ ከሱዳን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን፣ የሌላ አገር ሰዎች በሺዎች ተሻገሩ። ኩመርና አውላላ ላይ ካምፕ ተሠራ። ሐኪም፣ አስተማሪ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ የካርቱም ሰው በድንኳን ውስጥ ክረምቱን አሳለፈ። በ2015 መጨረሻ ኮሌራ ገባ፤ ዘረፋና ጥቃት በዛ፤ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ብዙዎች «አንቀመጥም» ብለው ከአውላላ ወጥተው በመንገድ ዳር ተቀመጡ። እነዚህ ሰዎች ቆላን ያውቃሉ፤ ሙቀቱ አላስደነቃቸውም። ያጡት ጥበቃ ነው።

ጥበቃ ማጣት ለልጁም የዕለት ጉዳይ ነው። በጎንደርና በመተማ መካከል ሰው እየታገተ ገንዘብ መጠየቅ በየጊዜው የሚሰማ ወሬ ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት መንገዱን ይዘጋል ይከፍታል። በ2013 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ የሱዳን ጦር ኢትዮጵያውያን ያርሱት የነበረውን የአል ፋሽቃን መሬት ሲይዝ፣ ባለ እርሻዎች ብቻ ሳይሆኑ እዚያ ይሠሩ የነበሩ የቀን ሠራተኞችም ሥራቸውን አጥተዋል። ድንበሩን ጨርሶ አቋርጦ በገዳሪፍና በካርቱም በኩል ወደ ሊቢያ፣ ከዚያም ወደ ጀርመንና ወደ ሌላው አውሮፓ ለመድረስ የሚያስብም አለ። ብዙ ጊዜ ይህን ሐሳብ የሚዘራበት ደላላ ሥራ ከሚያገናኘው ደላላ የተለየ ሰው አይደለም።

በጋ

ታኅሣሥ ሲያልቅ ጥጡ ተለቅሟል፤ ማሽላው ተወቅቷል። ከደጋ የመጣው አብዛኛው ሰው ይመለሳል። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ልቆይ ካለ ሥራው ይለወጣል። ከዕጣን ዛፉ ዕጣኑ የሚወጣው በበጋ ነው። ምንጋፍ በሚባል ስለታም መሣሪያ ቅርፊቱ ትንሽ ይላጣል፤ ዛፉ ነጭ ሙጫ ያወጣል፤ ሲደርቅ ተለቅሞ ቁስሉ ይታደሳል፤ እንዲህ እየተደጋገመ እስከ ግንቦት። ከመጠን በላይ የተቆሰለ ዛፍ ይደክማል፤ እሳትና ከብት ደግሞ ቡቃያውን ያጠፋሉ፤ ስለዚህ በመተማ ደን ውስጥ ወጣት የዕጣን ዛፍ ማየት እየቀረ ነው። በየገዳሙና በየቤተ ክርስቲያኑ የሚጤሰው ዕጣን ብዙው ከዚህ ቆላ የሚሄድ ነው፤ ደኑ ካለቀ የሚተካው የለም።

መጋቢትና ሚያዝያ የፈተና ወራት ናቸው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የጓንግና የሽንፋ ወንዞች ይቀንሳሉ። የአሸዋ ዝንቧ የምትበዛውም በእነዚህ ደረቅ ወራት ነው። ሚያዝያን መተማ ያሳለፈ ልጅ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ደመና ሲታይ ከደጋ ለሚወርዱት አዲሶች ውኃ አጠጣጥን የሚያስተምረው እሱ ነው።

ሌላው፣ የሚመለሰው ልጅ፣ ታሪኩ መንገድ ላይ አያልቅም። ካላዛር ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። ስለዚህ መተማ የተነከሰው ልጅ የሚታመመው በእናቱ ቤት ነው፤ ቆላና ወባ በሌለበት ቀበሌ፣ ስለ ካላዛር ሰምተው በማያውቁ ጎረቤቶች መካከል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ይህ በትልቁ ታየ። ሰዎች በትኩሳት እየከሱ ሞቱ፤ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ፤ የወባ መድኃኒት ሲሰጥ ግን አልተሻላቸውም። በምርመራ ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ አዲስ ዘመን ከተማ ላይ የሕክምና ማዕከል ተከፈተ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች መጡ። ተመራማሪዎች በሽታው ወደዚያ ደጋ የገባው ከመተማና ከሁመራ በተመለሱ የእርሻ ሠራተኞች ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እዚያ ያለች የአሸዋ ዝንብ ከታመመ ሰው ወስዳ ወደ ጎረቤቱ፣ ቆላን ረግጦ ወደማያውቅ ሕፃን፣ አሻግራዋለች።

ከዚያ ወዲህ በደቡብና በማዕከላዊ ጎንደር ያሉ የጤና ባለሙያዎች ብዙዎቹ ሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ሲያዩ አንድ ጥያቄ ያስቀድማሉ፦ «ቆላ ወርደህ ነበር?» ይህ ጥያቄ በእያንዳንዱ ጤና ኬላ መጠየቅ አለበት፤ በእብናት፣ በስማዳ፣ በጋይንት፣ በወሎ። ባይጠየቅም ልጁ ራሱ፣ ወይም እናቱ፣ ወይም አብሮት የወረደው ጓደኛው ይናገር፦ መተማ እንደነበረ፣ በየትኛው ወር እንደነበረ፣ ከዛፍ ሥር እንደተኛ። ነርሷ ሆዱን በግራ በኩል ዳስሳ ከጣቱ አንዲት ጠብታ ደም ትወስዳለች፤ ካላዛር ከሆነ 17 ቀን መርፌ ተወግቶ ብዙውን ጊዜ ይድናል።